ዘሩ ነው ወይስ ማብቀያው? ስለ ዳጉሳ ቡቃያና ስለ ተፈጥሯዊ የማብቀያ ቅይጦች ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

«ወልዶ መሳም፥ ዘርቶ መቃም» የሚለው ምርቃት በመዝራትና በመቃም መካከል ብዙ የሚያሰጋ ነገር መኖሩን አስቀድመው የተረዱ አባቶች ቃል ነው። ከሚያሰጉትም ነገሮች የመጀመሪያው፥ ዘሩ ከተዘራበት ቀን አንሥቶ ቡቃያው ሁለትና ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ያለው አጭር ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የተመረጠ ዘር ለሚሸጠው ባለ ሱቅ፥ በከረጢት የታሸገ ኮምፖስት ለሚያከፋፍለው ነጋዴና ኮኮፒት ከውጭ ለሚያስመጣው አስመጪ ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ዘሩ ሳይበቅል የቀረበት ገበሬ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሸጠለት ሰው ነውና።

ደንበኛው ሲመጣ የሚያሰማው ቃል «ዘርህ የሞተ ነው» የሚል ነው። ባለ ሱቁም ወይ ገንዘቡን ይመልሳል፥ ወይም ተከራክሮ ደንበኛውን ያጣል። ሆኖም ከእንዲህ ያለው ክስ ብዙው ጊዜ ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን ዘሩ የተዘራበት ማብቀያ ነው። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ቀላልና ወጪው አነስተኛ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ይህን መንገድ ሊያውቀው ይገባል።

የዳጉሳ ዘር ጠባይ

ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች የተገኘ እህል ነው። በኢትዮጵያ በተለይ በጎጃም፥ በጎንደር፥ በትግራይ፥ በወለጋና በቤንሻንጉል ይዘራል፤ እንጀራ፥ ገንፎ፥ ጠላና አረቄም ይሆናል። በሕንድ አገር ራጊ በሚል ስም የታወቀ ሲሆን፥ ከሕንድ ክፍላተ አገር ብዙውን የሚያመርተው ካርናታካ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሕንድ መንግሥት ጥያቄ እ.ኤ.አ. የ2023ን ዓመት ዳጉሳ፥ ቡልቱግና እነዚህን የመሳሰሉት ደቃቅ እህሎች የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ዓመት እንዲሆን ከወሰነ ወዲህ፥ ስማቸው በዓለም ገበያ ከቀድሞው ይበልጥ ይነሣል።

የዳጉሳ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው። ሺሕ ፍሬ ቢመዘን ከሁለት እስከ ሦስት ግራም ብቻ ይሆናል፤ እንግዲህ በአንድ ኪሎ ውስጥ ወደ 400,000 የሚጠጋ ፍሬ አለ ማለት ነው። ፍሬው ደቃቅ መሆኑ ሁለት ነገሮችን ያስከትላል። አንደኛው፥ ፍሬው ለቡቃያው የሚያወርሰው ስንቅ ጥቂት ነው። ባቄላ ከጥልቅ አፈር ውስጥ ገፍቶ ለመውጣት የሚበቃ ስንቅ አለው፤ ዳጉሳ ግን ከሁለት ሳንቲሜትር በታች ከተቀበረ ብርሃን ሳያይ ስንቁ ሊያልቅበት ይችላል። ሁለተኛው፥ ሻካራና ጓል በበዛበት ማብቀያ ውስጥ ፍሬው በጓሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ስለሚወድቅ፥ አካሉ ከርጥበት ጋር ሳይነካካ ደርቆ ይቀራል።

እዚህ ላይ የእህል ነጋዴ ሊሳሳትበት የሚችል አንድ ነገር አለ። ዳጉሳ በነቀዝ የማይደፈርና በጎተራ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ እህል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለምግብ ደኅና ሆኖ የቆየ እህል ሁሉ ለዘር ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን የከረመ ዘር መልኩ ሳይለወጥ የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዘር የሚሸጠው ከሚበላው ተለይቶ፥ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ መቀመጥ አለበት።

ከብቅል አዘገጃጀት የሚገኝ ትምህርት

ጠላ ጠማቂዎች ብቅል ሲያዘጋጁ የተመለከተ ሰው የመብቀልን ምሥጢር ያለ መምህር ይረዳዋል። እህሉ በውሃ ይነከራል፤ ውሃው ይጠለላል፤ ከዚያም እህሉ በቅጠል ተሸፍኖ ሙቀት ባለበት ስፍራ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲገለጥ ጎንቁሎ ይገኛል። በዚህ ሥራ አፈርም፥ ፍግም፥ ማዳበሪያም የለም። ውሃው ሳይጠለል የቀረ እንደ ሆነ ግን እህሉ ይሸታል እንጂ አይጎነቁልም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለመብቀል የሚያስፈልገው ውሃ፥ አየርና ሙቀት ነው፤ ምግብ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። የዳጉሳ ፍሬ በ25 እና በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ባለ ሙቀት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቅላል፤ ቅዝቃዜ ሲኖር ይዘገያል። እንግዲህ ማብቀያው በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈተነው ባለው ልማት ሳይሆን ውሃን ይዞ አየርን ባለ መከልከሉ፥ ፍሬውንም የሚጎዳ ነገር በውስጡ ባለ መኖሩ ነው። ልማቱ የሚፈለገው ፍሬው ስንቁን ከጨረሰ በኋላ፥ ማለት ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ነው።

ብዙ ሻጮችና ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። «የለማ ከሆነ ሁሉ ያበቅላል» ብለው ጥሬ ፍግ ወይም ንጹሕ ኮምፖስት ያለ ቅይጥ ይጠቀማሉ። ነገር ግን እጅግ የለማው ማብቀያ ብዙ ጊዜ ጨው የበዛበት ስለ ሆነ፥ ጨውም ውሃን ከፍሬው ስለሚከለክል፥ ፍሬው ርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ እንደ ተጠማ ይቀራል።

የማብቀያ ዓይነቶችና የየራሳቸው ጠባይ

በገበያ የሚገኙት ከዕፅዋትና ከእንስሳት ተረፈ ምርት የተዘጋጁ ማብቀያዎች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ኮምፖስት፦ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ፥ ሲጨብጡት ብትን የሚል፥ ሽታውም ዝናብ እንደ መታው አፈር የሆነ ነው። ያልበሰለው ግን አሞንያና ኮምጣጣ አሲዶች አሉበት፤ እነዚህም የደቃቅ ፍሬን ሥር ገና ከመነሻው ያቃጥላሉ። የሚሸት ወይም ከረጢቱ ሲከፈት ትኩስ ሆኖ የሚገኝ ኮምፖስት ገና በሥራ ላይ ያለ ነውና ለችግኝ መሸጥ የለበትም።

ጥሬ ፍግ፦ ለእርሻ ማሳ ጥቅሙ የታወቀ ቢሆንም ለማብቀያ አይሆንም። የዶሮ ኩስ በተለይ አሞንያና ጨው ይበዛበታል። የከብት ፍግ ደግሞ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፤ የዳጉሳና የማሽላ ጠላት የሆነው የአቀንጭራ ዘርም ከፍግ ጋር ሊጓዝ ይችላል። ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ግሎ፥ እየተገላበጠ ለብዙ ቀናት ሲቆይ ግን አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይጠፋል።

ቨርሚኮምፖስት፦ በትል የተዘጋጀ ኮምፖስት ሲሆን፥ ደቃቅና ለስላሳ ስለ ሆነ ለትንንሽ ፍሬ ይስማማል። ዋጋው ውድ ነው። በችግኝ ላይ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎች እንዳሳዩት፥ ከጠቅላላው ቅይጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ሲጨመር ይጠቅማል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ሻጭ ዛሬ አንድ ከረጢት ቢጎድልበትም ለከርሞ ደንበኛውን ያተርፋል።

ኮኮፒት፦ ከኮኮናት ቅርፊት የሚገኝ ብናኝ ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከሕንድና ከስሪላንካ ነው። ውሃ ይይዛል፥ አየርም አይከለክልም፤ ስለዚህ ለመብቀል በጣም የተመቸ ነው። በውስጡ ያለው ምግብ ግን ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር አገር ስለሚመጣና ቅርፊቱ አንዳንድ ጊዜ በጨዋማ ውሃ ስለሚዘፈዘፍ፥ ያልታጠበው ዓይነት ጨው ይበዛበታል። አስመጪው ሲያዝ «የታጠበ» የሚለውን ቃል በውሉ ውስጥ ማስገባትና የጨውን መጠን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ወረቀት መጠየቅ አለበት።

ፒት፦ ከረግረግ ስፍራ የሚቆፈር፥ በብዙ ዘመን የተጠራቀመ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ንጹሕና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለ ሆነ ኖራ ካልተጨመረበት ለእህል ቡቃያ አይስማማም።

ሰጋቱራና የቡና ገለፈት፦ ሁለቱም በቅርብና በርካሽ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ሳይብላሉ ከቀረቡ ይጎዳሉ። የቡና ገለፈት ካፌይንና ታኒን ስላለበት ፍሬ እንዳይበቅል ያግዳል። ለወራት ከፍግ ጋር ተከምሮና እየተገላበጠ ሲበሰብስ ግን መልካም ኮምፖስት ይወጣዋል። በቡና ማዘጋጃ ስፍራዎች የሚከመረውን ገለፈት በማየት «ነፃ ሀብት ነው» የሚል ነጋዴ፥ ሀብት የሚያደርገው ጊዜና ሥራ መሆኑን መርሳት የለበትም።

ብድር የሚወስዱ ተሕዋስያን

ቡቃያው በደንብ በቅሎ ሳለ በሁለተኛው ሳምንት ቢጫ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ለነጋዴ በንግድ ቋንቋ ሊገለጽ ይችላል። ተረፈ ምርትን የሚያበሰብሱት ደቃቅ ተሕዋስያን ካርቦን ይበላሉ፤ ነገር ግን ካርቦኑን ለመብላት ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል። በማብቀያው ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ያለው ካርቦን ከ30 እጅ በላይ ሲሆን፥ ተሕዋስያኑ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአካባቢው ይበደራሉ። የሚበደሩትም ለቡቃያው የተቀመጠውን ነው። ብድሩን የሚመልሱት ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሞቱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቡቃያው በረኀብ ይቀጭጫል።

በሰጋቱራ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን በመቶ የሚቆጠር እጅ ካርቦን አለ። በደንብ በበሰለ ኮምፖስት ውስጥ ግን ካርቦኑ ከ20 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ በከረጢት ላይ ይህ ቁጥር ተጽፎ ሲገኝ ነጋዴው እንደ ተራ የላቦራቶሪ ቃል ሊያልፈው አይገባም፤ ቡቃያው አበዳሪ ይሆን ወይስ ተቀባይ የሚለውን የሚነግረው እርሱ ነው።

በማሳ የታየ ውጤት

ዳጉሳን በመደብ አብቅሎ ችግኙን ማዛወር በደቡብ ሕንድ የቆየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያም ይህ ታይቷል። በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለዘላቂ ልማት የሚሠራ አንድ የኢትዮጵያ ተቋም ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ ገበሬዎች ኮምፖስት እንዲያዘጋጁ ያስተምር ነበር። በ1995 ዓ.ም. ክረምት በአክሱም አካባቢ አንዲት ሴት ገበሬ የዳጉሳ ችግኝ በመደብ አብቅላ፥ ኮምፖስት ወደ ገባበት መሬት አራርቃ ተከለችው። ያገኘችውም ምርት በአካባቢው በኮምፖስት ላይ በብተና ከተዘራው ዳጉሳ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ።

ይህ የአንዲት ገበሬ ውጤት እንጂ በየስፍራው የሚደገም ተስፋ አይደለም፤ ደግሞም ምርቱን ያበዛው ኮምፖስቱ ብቻ ሳይሆን ማራራቁና እንክብካቤውም ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያስረዳል፤ ጠንካራ ሆኖ ከመደብ የወጣ ችግኝ በማሳ ላይ ሥፍራና ምግብ ሲያገኝ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከመደብ ቀጭጮ የወጣው ግን በማሳ ላይ የሚክስበት ጊዜ ያጥረዋል።

ለዘር ነጋዴው ይህ ሁለት ገጽ አለው። በብተና ለሚዘራ አንድ ሄክታር 10 እና 15 ኪሎ ዘር ሲያስፈልግ፥ በችግኝ ለሚተከለው 4 ወይም 5 ኪሎ ይበቃል። እንግዲህ የሚሸጠው ኪሎ ይቀንሳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬ ዋጋ ስለሚያወጣ ገዢው ንጹሕና የተፈተነ ዘር በተሻለ ዋጋ ለመግዛት ይፈቅዳል፤ ከዘሩም ጋር ማብቀያ ይገዛል።

በሱቅ ውስጥ ሊደረግ የሚችል ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር ባወጣው ደንብ፥ የዳጉሳ ዘር የሚመረመረው በርጥብ ወረቀት ላይ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ቆጠራ በ4ኛው ቀን፥ የመጨረሻውም በ8ኛው ቀን ይደረጋል። የሚቆጠረው 400 ፍሬ ነው። ባለ ሱቅ የላቦራቶሪ መሣሪያ ባይኖረውም ይህንኑ በቀላል መንገድ ሊያደርገው ይችላል።

ከከረጢቱ ልዩ ልዩ ስፍራ የተወሰደው ዘር ይደባለቃል፤ ከዚያም ሳይመረጥ አራት ጊዜ መቶ መቶ ፍሬ ተቆጥሮ በአራት ሳሕን ላይ በርጥብ ወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይዘረጋል። ሌላ አራት መቶ ፍሬ ደግሞ በሚሸጠው ማብቀያ ውስጥ በአንድ ሳንቲሜትር ጥልቀት ይዘራል። ሁለቱም በአንድ ክፍል፥ በአንድ ሙቀት ይቀመጣሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ እንጂ በውሃ አይዋጡም። በ8ኛው ቀን የበቀለው ተቆጥሮ ከእያንዳንዱ መቶ ስንት እንደ ወጣ ይጻፋል።

ፍርዱ እንዲህ ይነበባል። በወረቀቱ ላይ ከመቶ 90፥ በማብቀያውም ከመቶ 86 ቢበቅል ልዩነቱ ትንሽ ስለ ሆነ ሁለቱም ደኅና ናቸው። በወረቀቱ ላይ 50፥ በማብቀያውም 47 ቢሆን ጥፋቱ የዘሩ ነው። በወረቀቱ ላይ 90 በቅሎ በማብቀያው 55 ቢሆን ግን ዘሩ ንጹሕ ነው፤ የሚመረመረው ማብቀያው ነው። ጥርጣሬ ቢቀር በታጠበ አሸዋ ውስጥ ሌላ መቶ ፍሬ ዘርቶ ማየት ነገሩን ይለየዋል፤ በአሸዋው በቅሎ በማብቀያው ከቀረ ጥፋቱ የጥልቀት ወይም የቅዝቃዜ አይደለምና።

ከበቀለ በኋላ ደግሞ ቡቃያው ራሱ ይናገራል። የቅጠሉ ጫፍ ከተቃጠለ ጨው መብዛቱን፥ መላው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን ማነሱን፥ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ ፎስፎረስ ማነሱን ወይም ቅዝቃዜን፥ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ሟሽሾ ከወደቀ ውሃ መብዛቱንና የሻጋታ በሽታ መግባቱን ያመለክታል።

ስለ ከረጢት፥ ስለ ሚዛንና ስለ ወረቀት

ማብቀያ በኪሎ ሲሸጥ ገዢው ውሃ እንዳይገዛ መጠንቀቅ አለበት። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት እርጥበቱ 40 በመቶ ከሆነ በውስጡ 30 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ፤ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ግን 20 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ በሊትር መሸጥ ወይም የእርጥበቱን መጠን በከረጢቱ ላይ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ነው። ኮኮፒት ታምቆ የሚመጣ ስለ ሆነ ባለ 5 ኪሎው ጡብ በውሃ ሲርስ ወደ 70 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ለጭነት የሚከፈለው ዋጋ የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማብቀያ ከድንበር ሲሻገር የበሽታና የአረም መንገድ ሊሆን ስለሚችል የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደቀው የዕፅዋት ጤና ጥበቃ ዓለም አቀፍ መስፈርት ቁጥር 40 ከሚተከሉ ተክሎች ጋር ስለሚጓዙ ማብቀያዎች የሚደነግግ ነው። አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ማግኘትና ከላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት መቀበል አለበት። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ሩጫ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ኪሳራ ያመጣል።

ማጠቃለያ

በብዙ የችግኝ ጣቢያዎች የሚሠራበት ቅይጥ 3 እጅ ለም አፈር፥ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ነው። ለዳጉሳ ሲሆን ቅይጡ በወንፊት ተነፍቶ ጓሉ መውጣት ይኖርበታል። ይህን ለመሸጥ ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የኮምፖስቱን መብሰል ለይቶ ማወቅና ከመሸጥ በፊት መቶ ፍሬ ዘርቶ ስምንት ቀን መጠበቅ ነው።

ስምንት ቀን ለነጋዴ ረጅም ጊዜ ሊመስል ይችላል። ለገበሬው ግን የክረምቱ ዝናብ አይጠብቀውም፤ ሳይበቅል የቀረበትን መደብ እንደ ገና ዘርቶ ችግኝ እስኪያደርስ ወቅቱ ያልፍበታል። ስለሆነም የሻጩ የስምንት ቀን ትዕግሥት የገዢውን የአንድ ዓመት እንጀራ ይጠብቃል። በመዝገቡ ላይ የብቅለቱን ቁጥርና ቀኑን ጽፎ የሚያስቀምጥ ባለ ሱቅም፥ ደንበኛው ተቆጥቶ በመጣ ጊዜ በቃል ሳይሆን በቁጥር ይመልስለታል፤ ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ቢገኝም ያለ ክርክር ይክሳል።